ከንቲባው ጋ ወይስ ምክር ቤቱ ጋ?

እህቴ፣ የሰፈራችሁ ሰዎች ለጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ፈርመው ከንቲባው ቢሮ ሲሄዱ «ምክር ቤቱ በጀት አልያዘለትም» ተባሉ። አፈ ጉባኤው ጋ ሲሄዱ ደግሞ «ይሄ የአስፈጻሚው ሥራ ነው» ተብለው ተመለሱ። «ታዲያ አለቃው ማነው?» ነው ጥያቄሽ። በ2005ቱ የአካባቢ ምርጫ ተመርጬ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የአንዲት ከተማ ምክር ቤት አባል ነበርኩ። የከተማዋን ስም ልለፈው፤ አሁንም እዚያው ነው የምኖረው።

በሕጉ ከሄድን አለቃው ምክር ቤቱ ነው። ከንቲባውን ይመርጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ሪፖርት ይሰማል። ስብሰባውንም የሚመራው አፈ ጉባኤው እንጂ ከንቲባው አይደለም። በተግባር ግን ከንቲባው ማን እንደሚሆን ፓርቲው ቀድሞ ይጨርሰዋል። ለእኛ የሚቀረን እጅ ማውጣት ነው። በእኛ ጊዜ በአገር ደረጃ ወንበሩ በሙሉ ማለት ይቻላል የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ነበር። ከንቲባውም አፈ ጉባኤውም አባላቱም የአንድ ቤት ሰዎች፤ ማን ማንን ይጠይቅ? የአምስት ዓመት ዘመናችን በ2010 ሲያልቅ ደግሞ ምርጫው ተራዘመ። በ2013 የተመረጡት ፓርላማውና የክልል ምክር ቤቶች፣ ከከተማም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። እንደኛ ላለ ከተማ ምርጫው አልደረሰም። ድምፅ ይነፍጉኛል ብሎ የማይሰጋ አባል ከንቲባውን ለምን ያስቀይማል?

ቢሆንም በጀት ላይ ምክር ቤቱ ጉልበት አለው። ረቂቁን የሚያዘጋጀው ካቢኔው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጉባኤው ሰኔ መጨረሻ ላይ ጥድፊያ ነው። ሰነዱን የምናገኘው በዚያው ቀን ጠዋት፣ አዳራሹ በር ላይ ነበር። አንድ ዓመት «አስተያየት ካለ?» ሲባል አንዲት ጉልት የምትነግድ አባል ብድግ አለች። «አምና የተያዘው የእኛ ቀበሌ ቦይ የታለ?» የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ «ወደዚህ ዓመት ዞሯል» አለ። «የት ገጽ ላይ?» አለችው። መልስ የለም። አፈ ጉባኤው ሻይ እረፍት አወጀ። ከሻይ መልስ ቦዩ በእስክሪብቶ ተጨምሮ መጣ፤ ጸደቀም።

ሌላም ነገር እወቂ። የጤናና የትምህርት በጀት በአብዛኛው ከክልሉ ከሚመጣው ድጎማ ነው። ቦይ፣ ኮብልስቶን፣ ቄራ፣ የመንገድ መብራት ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ናቸው። ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ይሠራሉ፤ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያ። ስለዚህ «ክልሉ በጀት አልለቀቀም» ካሏችሁ የሊዝ ገቢው ምን ላይ ዋለ ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ብሆን አቤቱታውን ካቢኔው ረቂቁን ሳይዘጋ፣ ሚያዝያ ወይ ግንቦት ላይ፣ ለከንቲባውም ለምክር ቤቱ የበጀት ቋሚ ኮሚቴም አስገባ ነበር። በመዝገብ ቤት በኩል፣ ቁጥር ተቀብሎ። በአፍ የተነገረ ቦይ ሰነድ ውስጥ አይገባም። ከቀበሌያችሁ የተመረጠው አባል ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ አፈ ጉባኤው ቢሮ ጠይቁ፤ ጉባኤ ላይ ብድግ የሚለው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ መጀመሪያ ክፍለ ከተማው ጋ ሂዱ።

ቦዩ ተደፍኖ ብቻ ከሆነ ግን ጉባኤም አዲስ በጀትም አያስፈልግም። የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛ ልኮ ማስጠረግ ይችላል፤ ክረምት ሳይገባ አሁኑኑ ንገሩት።