መስመሩ ቀጥ ካለ በኋላ ሾክ ይሰራል እንዴ?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነዎት? እኔና ባለቤቴ ኢአር የሚባለውን የድሮ የድንገተኛ ክፍል ድራማ ከመጀመሪያው ጀምረን እያየን ነው እና ክርክራችን አላልቅ አለ። እሱ ሁሉም ፈጠራ ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ የጻፉት ሀኪሞች ናቸው ባይ ነኝ። ሞኒተሩ ጢጢጢ ብሎ መስመሩ ቀጥ ያለ ሰው ደረቱን በኤሌክትሪክ ሾክ ሲመቱት ብድግ ይላል፣ እውነት ነው? ደሞ ያቺ እርጉዝ፣ የፊኛ ኢንፌክሽን ነው ተብላ ተሸኝታ በኋላ የሞተችው፣ እንደዛ ያጋጥማል ወይስ እኛን ለማስለቀስ ነው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ስለ ጸሀፊዎቹ ልክ ነሽ፣ ድራማውን የፈጠረው ማይክል ክራይተን ሀርቫርድ ህክምና የተማረ ነው፣ የእርጉዟን ክፍል የጻፈው ላንስ ጀንታይል ደግሞ ራሱ የድንገተኛ ክፍል ሀኪም ነበር። ሾኩ ላይ ግን ባልሽ ረቶሻል።

ሾክ የሚሰራው ልብ ዝም ብሎ ሲንቀጠቀጥ ነው፣ ማለት ኤሌክትሪኩ አለ ግን ተዘበራርቆ ደም መርጨት አቅቶታል፣ ሾኩ ያንን ትርምስ ለአፍታ ያስቆመውና ልብ በራሱ ምት እንዲነሳ እድል ይሰጠዋል። መስመሩ ቀጥ ካለ ግን የሚቆም ትርምስ የለም። ያኔ ያለው ስራ ደረት መጫን፣ በየ3 እስከ 5 ደቂቃው አድሬናሊን መስጠት፣ እና ልቡን ምን እንዳቆመው መፈለግ ነው (ደም ፈሶ ነው? ፖታሲየም ከፍ ብሎ ነው? ኦክስጅን አጥሮ ነው?)። ለካሜራ አይማርክም መሰለኝ።

ደረት መጫኑ ራሱ በደንብ ሲሰራ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ነው፣ ጎድን ሊሰብር ይችላል፣ ጤነኛ ተዋናይ ላይ ደግሞ እንደዛ አይደረግም ስለዚህ ክርናቸውን አጠፍ እያደረጉ ነካ ነካ ነው።

1996 ላይ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት ኢአርን ጨምሮ 3 ፕሮግራሞች ላይ 60 ሲፒአር (ልቡ የቆመን ሰው ደረት እየተጫኑ ለማስነሳት መሞከር) ቆጥሮ ነበር፣ 75 በመቶው ታካሚ ወዲያው ተርፏል! እዛው አሜሪካ በእውነተኛው ህይወት ከሆስፒታል ውጪ ልቡ ቆሞ ድኖ የሚወጣው ከ10 ሰው 1 ገደማ ነው፣ የተረፈውም ብዙ ጊዜ ራሱን ሳያውቅ ማሽን እየተነፈሰለት ፅኑ ህሙማን ይገባል እንጂ ቁጭ ብሎ ሚስቴ የት አለች አይልም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ቤተሰብ ያንን ሲያይ ከርሞ ይመጣና ሰው ሲሞትበት ሀኪሙ የሰነፈ ይመስለዋል።

የእርጉዟ ግን እውነት ነው፣ በጣም እውነት። ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ ከ20 ሳምንት በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት ነው፣ እያንዘፈዘፈ የሚጥላት ከሆነ ኤክላምፕሲያ ሆነ ማለት ነው። ክፋቱ ሲጀምር ሌላ ነገር መምሰሉ ነው፣ ራስ ምታት፣ አይን ብዥ ማለት፣ ከጎድን ስር የሚያም ቃር የሚመስል ህመም፣ ድንገት የፊትና የእጅ ማበጥ፣ እርግዝና ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። ግፊቷ 140/90 እና ከዛ በላይ ከሆነ ግን አይታለፍም፣ በዛው ቀን ሀኪም ይያት፣ ማግኒዝየም ሰልፌት የሚባል መድሀኒት አለ መጣሉን የሚከላከል። እና ከወለደች በኋላም ስለሚመጣ፣ ወልዳለች አልፏል ተብሎ ራስ ምታቷ በቡና አይሸኝ።