ዘበኛው ባይኖርስ?

ሰሞኑን አንዲት የፋርማሲ ተማሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ለማስተርሴ የምሠራበትን ሪሴፕተር ልመርጥ ነው። ኒውሮፔፕታይድ ዋይስ እንዴት ነው? እርስዎ ዕድሜዎን የጨረሱበት ነው አሉኝ» ትላለች። ዕድሜዬን እንኳ ገና አልጨረስኩም፤ ፀጉሬን ግን ጨርሼበታለሁ። መልሱ ሲረዝምብኝ ለሌሎቻችሁም ይሁን ብዬ እዚህ አሰፈርኩት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ ኤንፒዋይ እንለዋለን። የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚላላኩበት፣ 36 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ሰንሰለት ነው። በ1982 ስቶክሆልም፣ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ውስጥ ጃፓናዊው ካዙሂኮ ታቴሞቶ ከአሳማ አእምሮ ለይቶ አወጣው። «ዋይ» ታይሮሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ምልክት ናት። ሰንሰለቱ በታይሮሲን ጀምሮ በታይሮሲን ያልቃልና ስሙን ከዚያ አገኘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጉዱ ታየ። የጠገበች አይጥ አእምሮ ውስጥ ጥቂት ጠብ ሲደረግ፣ ለቀናት እህል እንዳልቀመሰች ሆና ትበላለች። ምግብ የተከለከለች አይጥ ደግሞ ረሃብን በሚቆጣጠረው የአእምሮ ክፍል፣ ሃይፖታላመሷ ውስጥ፣ ኤንፒዋይ ይጨምራል። በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ የምትሰሙት ጩኸት ከሆድ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ።

ሪሴፕተር ማለት በሴል ግድግዳ ላይ ያለ መልእክት ተቀባይ ነው፤ ለእኔ የግቢ ዘበኛ ነው። መልእክተኛው ውስጥ አይገባም፤ ዘበኛው መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ኤንፒዋይ በሰው ላይ የሚሠሩ አራት ዘበኞች አሉት፦ ዋይ1፣ ዋይ2፣ ዋይ4 እና ዋይ5። ዋይ3 የት ሄደ እንዳትሉኝ። አለ ተብሎ ሲፈለግ ኖሮ ያልተገኘ ነው። ዋይ6 ደግሞ በሰው ላይ የተሰበረ ጂን ሆኖ ቀርቷል።

በ1996 ዋይ5 ሲገኝ «የመብላት ሪሴፕተር» ተባለ። በቃ፣ ገበያው ደራ። ዋይ5ን የሚዘጋ ክኒን የሠራ ሰው ውፍረትን አሸነፈ ማለት ነው ተባለ። እኔም ያኔ አሜሪካ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበርኩ። እኛም ገባንበት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቁጥሩ መጣ። የእኛን ኮምፓውንድ፣ ዋይ5ን ይዘጋል ያልነውን ውህድ፣ የወሰዱት ትላልቅ አይጦች ሌሊቱን የበሉት ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነበር። የምግብ ማስቀመጫውን ራሴ ደግሜ መዘንኩት። ከጎጆው ሥር የረገፈውን ፍርፋሪ እንኳ ከወረቀቱ ላይ ጠርጌ መዘንኩ፤ አይጥ ከምትበላው የምታባክነው ሊበልጥ ይችላልና። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። አለቃችን ኬክ አስመጣ። ሁላችንም ቆመን ስንበላ፣ ከሁላችን በደመወዝ የምታንሰው ቴክኒሻን «ዋይ5 በሌላቸው አይጦችስ ሞከራችሁት?» አለች።

አልሞከርንም። የሙከራውን ዕቅድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄው ሽው ብሎብኝም አያውቅም።

ሪሴፕተሩ ከጂናቸው የወጣላቸውን ትንንሽ አይጦች አግኝተን ያንኑ መጠን ሰጠናቸው። እነሱም መብላት ተዉ። ዘበኛው የለም፤ መልእክቱ ግን ደርሷል! ኮምፓውንዱ ሌላ ነገር ነው የሚነካው ማለት ነው። አይጥ ማስመለስ አትችልም። ሲያቅለሸልሻት ነጭ ሸክላ፣ ካኦሊን የሚባለውን፣ ትበላለች። ለመጀመሪያዎቹ ትላልቅ አይጦቻችን ሸክላ ብናስቀምጥላቸው ቆረጠሙት። ረሃባቸውን አልቀነስንም፤ አሳምመናቸው ነው። የሁለት ዓመት ሥራ በዚያ አበቃ።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት «ዘበኛው ባይኖርስ እንስሳዋ ምን ትሆናለች?» ብላችሁ ጠይቁ የምላችሁ። ስለ ኤንፒዋይ ይህ ጥያቄ ገና በ1996 ተመልሶ ነበር። ኤንፒዋይ ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ተፈጥረው፣ እንደ ማንኛውም አይጥ በልተው አደጉ። እኛ ግን አንብበን አለፍነው፤ የማንፈልገውን ውጤት ስናነብ ዓይናችን ይፈጥናል። ሰውነት ረሃብን ያህል ነገር ለአንድ ዘበኛ አይሰጥም። በ2005 ደግሞ ሌላ ሥራ ታተመ። ኤንፒዋይንና ኤጂአርፒ የተባለውን ሌላ የረሃብ መልእክት የሚያመነጩት የነርቭ ሴሎች በጎልማሳ አይጦች ላይ ሲገደሉ አይጦቹ መብላት አቆሙ። ገና በተወለዱት ላይ ሲገደሉ ግን ብዙም አልጎዳቸውም። አእምሮ ልጅ ሳለ ሌላ መንገድ ያበጃል።

ከሁሉ የማከብረው ግን የመድኃኒት ኩባንያውን የመርክን ሙከራ ነው። ኤምኬ-0557 የተባለ የዋይ5 መዝጊያ ሠርተው ለ52 ሳምንት በ1,661 ሰዎች ላይ ሞከሩት። ውጤቱ በ2006 ታተመ። ዓመቱን እስከ መጨረሻ ከዘለቁት መካከል፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 3.4 ኪሎ፣ ባዶ ክኒን የወሰዱት 1.8 ኪሎ ቀነሱ። ለዓመት ሙሉ ክኒን ልዩነቱ 1.6 ኪሎ! ወደቀ ማለት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አስቀድመው የሰው አእምሮ በፔት ስካን አንስተው መድኃኒቱ ሪሴፕተሩን መያዙን አረጋግጠዋል። ስለዚህ «መጠኑ አንሶ ይሆናል፣ አእምሮ አልደረሰም ይሆናል» የሚል ሰበብ አልቀረም። ዋይ5ን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ አለቀ። የእኛ ውድቀት እንዲህ ንጹሕ አልነበረም። ኮምፓውንዳችን ምን እንደነካ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኛ የረሃብን በር ለመዝጋት ስንታገል የጥጋብን ድምፅ የሚያጎሉት እነ ሴማግሉታይድ የተባሉት መድኃኒቶች ቀደሙን። በ68 ሳምንት 15 በመቶ ገደማ ክብደት ያስቀንሳሉ። መቅናቴን አልደብቅም።

ታዲያ ኤንፒዋይ ሞቷል ወይ? የለም። ዋይ1 በብዙ የጡት ካንሰር ዕጢዎች ላይ በብዛት ይገኛል፤ ዕጢውን በምስል ለማየት ወይም ጨረር ተሸክሞ ለመድረስ አድራሻ ሊሆን ይችላል። የዋይ1 ቅርጽም በ2018 ታትሟል፤ እኛ በጨለማ ስንዳብስ የነበረውን እናንተ በስክሪን ላይ እያገላበጣችሁ ታዩታላችሁ። ዋይ2 ለሚጥል በሽታ በአይጦች ላይ ተስፋ አሳይቷል። በአፍንጫ የሚነፋ ኤንፒዋይ ለጭንቀት ተሞክሯል፤ ሙከራዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ገና አልቸኩልም። እኔ ወጣት ብሆን ዋይ1 ላይ ነበር የምወራረደው።

ለልጅቷ ይህንኑ ላክሁላት። ትላንት መልሷ መጣ፣ አንድ መስመር ብቻ፦ «ጋሼ፣ ዋይ1 የሌላቸውን አይጦች ከየት ነው የማገኘው?»