መልስ፦ በካሜራ ፋንታ ትንሽ ድሮን ያዋጣል?

ወንድሜ፣ «ሐዋሳ ታቦር ያለው ቤቴ በየክፍሉ ካሜራ ከምሰቅል፣ አንዲት ትንሽ ድሮን ብትዞርልኝ የቤተሰቡ ገመና አይጠበቅም ወይ?» ላልከው፣ ሐሳቡ የተሞከረ ነው። የቤት ደህንነት ካሜራ የሚሠራው የአማዞኑ ኩባንያ ሪንግ በፈረንጆቹ 2020 ቤት ውስጥ የምትበር ካሜራ አስተዋውቆ ነበር። ማረፊያዋ ላይ ስትቀመጥ ካሜራዋ ይከለላል። ስትነሳ ደግሞ ድምፅ ስላላት ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ የወደድኩት ይሄን ነው። የግድግዳው ካሜራ መቼ እንደሚያይህ በምን ታውቃለህ? ቪዲዮው የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። ደግሞ እኛ አገር ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ማስገባት ጣጣ አለው። መብራትና ዋይፋይ ሲጠፋስ? ለጊዜው ሳሎን ካሜራ ካለህ፣ እንግዳ ሲመጣ ከሶኬት ንቀለው። የቤት ሠራተኛዋም ካሜራ እንዳለ ትወቅ።