«ማሽኑ ዳገቱን እያነሣብኝ ነው»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ለደም ግፊት አቴኖሎል እወስዳለሁ። ሐኪሜ «በየቀኑ ይራመዱ» ስላለኝ፣ ፀሐዩን ሸሽቼ ሰፈራችን ባለው ጂም ትሬድሚል (ባሉበት የሚራመዱበት ማሽን) ጀመርኩ። አሠልጣኙ የልብ ምት የሚለካ ቀበቶ ደረቴ ላይ አሰረልኝና ዕድሜዬን አስገብቶ ማሽኑን በልብ ምት እንዲመራ አደረገው። ግቡ በደቂቃ 116 ምት ነው። ልቤ ግን 96 ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ማሽኑም ዳገቱን ያነሣዋል። እኔ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ እሱ መልሶ ያነሣዋል። ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?
ከአዳማ

መልስ፦ አልተበላሸም። የጠረጠርኩት ጠዋት የዋጡትን ክኒን ነው። አቴኖሎል የልብን ምት ያዘገያል። ማሽኑ ይህን ከየት ይወቅ? ከ220 ላይ ዕድሜዎን 54 ቀንሶ የልብዎ ከፍተኛ ምት 166 ነው አለ፤ የዚያን 70 በመቶ ወስዶ 116 አለ። 96 ሲያይ «እኚህ ሴት ገና አልደከሙም» ብሎ ዳገት ይጨምራል። መድኃኒቱ የያዘውን ልብ ሊያስሮጥ ሲታገል የሚያልቀው የእርስዎ ጉልበት ነው። 220ውም ቢሆን አማካይ ስሌት ነው፤ መድኃኒት በማይወስዱ እኩዮች መካከል እንኳ የ10 ምት ልዩነት ብርቅ አይደለም።

መጀመሪያ ግን ቀበቶውን ይፈትሹት። ማሽኑን አቁመው ወዲያው የእጅዎን አንጓ ይዳብሱና ምቱን ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩ። 24 አካባቢ ካገኙ 96ቱ እውነት ነው። ይህን የምለው ሐዋሳ የደረሰብኝን ስለማልረሳ ነው። ዝናብ ከሐይቁ ዳር አባርሮኝ ጂም ገብቼ፣ ገና መራመድ ስጀምር ልቤ 171 ሆኖ ታየ፤ ማሽኑም ወደ ኤሊ እርምጃ አወረደኝ። ለካስ አጠገቤ የሚሮጠው ጎረምሳ እንደ እኔው ያለ ቀበቶ አስሯል፤ የማነበው የእሱን ልብ ነበር! መለያ ኮድ የሌላቸው የድሮ ቀበቶዎች እንዲህ ይደባለቃሉ። የደረቀ ቀበቶም ይዋሻል፤ ደረትዎን የሚነካውን ክፍል በውኃ ያርጥቡት።

የእርስዎ ቀበቶ ልክ ከሆነ ያንን ፕሮግራም ይተዉት፤ ፍጥነቱንና ዳገቱን በእጅዎ ያስተካክሉ። መለኪያዎ ድምፅዎ ይሁን፦ ክፍል ውስጥ ያስተምሩ እንደነበረው አንድ አንቀጽ መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት መጠኑ እሱ ነው። ቁጥር ካላየሁ አልረጋም ካሉ ሐኪምዎ መድኃኒቱን እንደወሰዱ በእንቅስቃሴ መርምሮ ግቡን ይወስንልዎ። ደረትዎን ከጨነቀዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው ያቁሙ።

ደግሞ ለማሽኑ ደስታ ብለው ክኒኑን እንዳይዘሉ! አቴኖሎልን በድንገት ማቋረጥ ልብን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። 116 ላይ ባይደርሱ ማንም አይቀጣዎትም።