የሌሊት ጥሪ፣ የጠዋት ፊርማ፦ ለአዳር ተረኞች ጥያቄዎች መልስ

ክረምት ሲገባ ጣና ዳር መብረቁ ይበረታል። መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተር አልነሣም ይላል፣ ፓምፕ ይቆማል፣ የተረኛው ስልክም ይጮኻል። ከባሕር ዳርና ከዙሪያዋ ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በሌሊት ከሚጠሩ መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች የመጡ ስለሆኑ የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በግል ሆስፒታል የኤሌክትሪክና የጄኔሬተር ክፍል እሠራለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተጠርቼ እስከ 11 ሰዓት ስሠራ አድሬ ጠዋት 2፡30 ላይ መፈረም አለብኝ። «ትርፍ ሰዓትህ ተከፍሎሃል» ይሉኛል። (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ክፍያው መብትዎ ነው፤ እንቅልፉን ግን አይተካም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝተው ከነበረ ያገኙት የሦስት ሰዓት እንቅልፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ የሥራ ቀን ይጠብቅዎታል። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናውና ፍርዱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። የጠጣ ሰው የኤሌክትሪክ ፓነል እንዲከፍት የሚፈቅድ ኃላፊ የለም፤ ያልተኛውም በዚያው ዓይን መታየት አለበት።

ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከባቡር ሥራ እንይ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 12 ቀን 1988 ለንደን ውስጥ ክላፋም ጃንክሽን አጠገብ ባቡሮች ተጋጭተው 35 ሰዎች ሞቱ። መነሻው አንዲት ሽቦ ናት። የምልክት መስመሩን ሲቀይር የነበረው ቴክኒሻን አሮጌዋን ሽቦ ከአንድ ጫፍ ነቅሎ ሳይቆርጣትና ሳይጠቀልላት ተዋት። ጫፏ ተመልሳ ስለነካች ቀይ ማብራት የነበረበት ምልክት ቀይ ሳያሳይ ቀረ። ሽቦዎቹን ቆጥሮ ያረጋገጠ ሁለተኛ ሰውም አልነበረም። አጣሪዎቹ እንዳረጋገጡት ያ ቴክኒሻን በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የብሪታንያ ባቡር ሠራተኞች ገደብ ተበጀላቸው፦ አንድ ፈረቃ ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ በሁለት ፈረቃ መካከል 12 ሰዓት ዕረፍት ይኖራል፣ በሳምንት ከ72 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንዱ ይታረፋል። ይህ ለእኛ እንኳ ልቅ ነው፤ የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መደበኛውን ሥራ በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት ይገድበዋል፣ ሳምንታዊ ዕረፍቱንም ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ያደርገዋል።

ከሌሊት ጥሪ በኋላ ያለው ጠዋት ግን በኅብረት ስምምነታችሁ ወይም በሥራ ደንባችሁ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ 11 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ግዴታ ነው፤ ቁጥሩን ከዚያ መዋስ ይቻላል። እኛ የምንመክረው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ከቤት ወጥቶ የሠራ ተረኛ ሥራው ካበቃበት ደቂቃ ጀምሮ 11 ሰዓት ያርፋል፤ ከዚህ ውስጥ ከመደበኛ የሥራ ሰዓቱ ጋር የሚገጥመው እንደተሠራ ይቆጠራል። ጥሪው በስልክ ብቻ ካለቀ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይገባል። በዚያው ሌሊት ሁለተኛ ጥሪ ከመጣ ተጠባባቂው ይወስደዋል። «እንደተሠራ ይቆጠራል» የሚለው ከቀረ ማንም አያርፍም፤ ከደመወዙ እየተቆረጠ የሚተኛ ሰው የለም። (የመንግሥት ሆስፒታል ባልደረቦች ግን የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ ከታች ያለው ስሌት ለእነሱ አይሠራም።)

ጥያቄ፦ ቤቴ ሆኜ ስልክ እጠብቃለሁ። በ20 ደቂቃ መድረስ ግዴታ ስለሆነ ዘመድ ቤት እንኳ አልሄድም። ይህ ሥራ ነው?

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 61 የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም ሠራተኛው በሥራ ላይ ያለበትን ብቻ ሳይሆን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መሠረት ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ይጨምራል። መከራከሪያዎ ይህ ነው። ስለዚህ «20 ደቂቃ» የሚለው በቃል ብቻ እንዳይቀር በሥራ ደንቡ ያስጽፉት፤ ያልተጻፈ ግዴታ ለክስም ለድርድርም አይመችም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አንድ የቤልጅየም እሳት አደጋ ሠራተኛ በ8 ደቂቃ ውስጥ የመድረስ ግዴታ ስላለበት ቤቱ የሚጠብቅበት ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው ብሏል። ውሳኔው እዚህ አያስገድድም፤ ሰውየው ደቂቃው ባጠረ ቁጥር የራሱን ጊዜ እንደሚያጣ ግን በደንብ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ትርፍ ሰዓቴ ሁሌ ጎድሎ ይመጣል። እንዴት ነው የሚሰላው?

መልስ፦ 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 የወር የሥራ ሰዓት ይመጣል። የወር ደመወዝዎ 12,480 ብር ቢሆን የሰዓቱ 60 ብር ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ከሠሩ አንዱ ሰዓት 90 ብር፣ ሦስቱ 315 ብር፣ በድምሩ 405 ብር ነው። ይኸው አራት ሰዓት በጥምቀት ዕለት ቢሆን 600 ብር ይሆናል። የትርፍ ሰዓት ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው።

የሚጎድልበትን ምክንያት ከመዝገቡ ይፈልጉት። የጄኔሬተሩ መቆጣጠሪያ 02:40 ብሎ የሚመዘግበው ከሌሊቱ 8፡40 ነው። ተረኛው «2፡40» ብሎ ሲገለብጠው ሒሳብ ክፍሉ ጠዋት አድርጎ ያነበዋል፤ ጠዋት ደግሞ መደበኛ ሥራ ነውና ክፍያ የለውም። አንዳንድ መቆጣጠሪያ በግሪንዊች ሰዓት እንደተሞላ ይቀራል፤ ያኔ ሌላ ሦስት ሰዓት ይዛነፋል፣ ቀኑም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁልጊዜ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8፡40፣ በማሽኑ 02:40» ብለው ይጻፉ፤ ከቤት የወጡበትን፣ የደረሱበትንና የተመለሱበትን ደቂቃም ይጨምሩ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ አይቆዩ።

ጥያቄ፦ «ኢንጂነር ስለሆንክ የሥራ መሪ ነህ፣ ትርፍ ሰዓት የለህም» ተባልኩ።

መልስ፦ ማዕረግ የሥራ መሪ አያደርግም። ሕጉ የሚያየው ሥልጣንን ነው፦ የድርጅቱን ፖሊሲ ያወጣሉ? ሰው ይቀጥራሉ፣ ያዛውራሉ፣ ያግዳሉ፣ ያሰናብታሉ? የሥራ መደብ መዘርዝርዎን ይጠይቁና ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ከዘጌ እስከ ሐሙሲት ያሉ የቴሌኮም ማማዎችን እንከታተላለን። በሌሊት አራት አምስት ጊዜ መልእክት ይቀሰቅሰናል፤ አብዛኛው ምንም አይደለም። (ሁለት ቴክኒሻኖች)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ተረኛን የሚያደክመው ከጥገናው ይልቅ ይህ ነው። ሳይነሡ ስልኩን ቢያጠፉት እንኳ እንቅልፉ ተቆርጧል። የአንድ ወር መልእክቶችን አውጥታችሁ በእያንዳንዱ አጠገብ «ሰው ምን አደረገ?» ብላችሁ ጻፉ። «ምንም» የተባለው ሁሉ ወደ ጠዋት ይዛወር።

ሁለት ምሳሌ እንስጥ። «መብራት ሄደ» የሚለው መልእክት ጄኔሬተሩ ከተነሣ ሰው መቀስቀስ የለበትም፤ የ5 ደቂቃ መዘግየት ይሰጠው፣ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ብቻ ይደውል። «ነዳጅ አነሰ» የሚለውን ደግሞ አስሉት። አቅሙ 20 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት ወደ 3 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። የ200 ሊትር ታንከር ሩብ ሲቀረው 50 ሊትር አለ፤ ይህ ከ16 ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማንን ያስነሣል? ማስጠንቀቂያው ወደ ግማሽ ታንከር ከፍ ብሎ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይላክ፤ ነዳጁ በብርሃን ይሞላል። በሌሊት የሚያስነሣው የባትሪ ቮልቴጅ ነው፦ በ48 ቮልት ሲስተም 24ቱ ሴሎች ቻርጅ ላይ ሳሉ ወደ 54 ቮልት ይቆማሉ፣ 43.2 አካባቢ ሲደርሱ ጣቢያው ራሱን ያጠፋል። 47 ላይ ይደውል፤ ለመድረሻ ጊዜ ይተርፋችኋል።

ለሁለት ሰው በየሌሊቱ መፈራረቅም አይጠቅምም፤ ማንም ተከታታይ እንቅልፍ አያገኝም። ሦስተኛ ሰው እስኪጨመር አንዱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ሌላው ከዓርብ እስከ እሑድ ይያዝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጡ።

ጥያቄ፦ ከእንቅልፌ ተነሥቼ ፓነል ስከፍት እጄ የእኔ አይመስለኝም።

መልስ፦ ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሰዓት አእምሮ ሙሉ በሙሉ አይነቃም። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ሰውነት ራሱ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ስለሆነ ይብሳል። ፊትዎን ይታጠቡ፣ መብራት ያብሩ፣ በዚያ ግማሽ ሰዓት ኃይል ያለበት ነገር አይንኩ።

ፓነሉ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ጄኔሬተሩን ከአውቶማቲክ ወደ ማጥፊያው ያዙሩት፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፤ አለበለዚያ መብራት ሲሄድ እጅዎ ውስጥ እያለ ይነሣል። ብሬከሩን አጥፍተው ይቆልፉ። ቀጥሎ ቴስተሩን (የኃይል መለኪያውን) ኃይል እንዳለበት በሚያውቁት ሶኬት ይፈትሹ፣ ከዚያ የሚሠሩበትን መስመር ይለኩ፦ ፌዝ (ኃይል ተሸካሚው ሽቦ) ከፌዝ ሦስቱንም፣ እያንዳንዱን ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) እና ከኧርዝ (ከመሬት መስመሩ) ጋር። ከዚያ ተመልሰው ሶኬቱ ላይ ቴስተሩን ይፈትሹ። የደከመ ሰው የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ የቴስተሩ ባትሪ መሐል ላይ ካለቀ ዜሮ ያሳያል፣ ዜሮው ግን ውሸት ነው። እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብለው ለአጋዥዎ ይናገሩ። አጋዥ ከሌለ ይህ ሥራ ይደር።

ጥያቄ፦ ለመንቃት ቡናና ጫት እንጠቀማለን። ከወረታ በሌሊት ሞተር ሳይክል ይዤ እመለሳለሁ።

መልስ፦ የቡና ኃይል በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሊተኙ ካሰቡበት ሰዓት 6 ሰዓት አስቀድመው ያቁሙ። ጫት ድካሙን አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል፤ ሲለቅ መንገድ ላይ ይለቃል፣ የጠዋቱን እንቅልፍም ይወስዳል። ያለፉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ካላስታወሱ ዓይንዎ ክፍት ሆኖ ተኝተው ነበር ማለት ነው። ነፋስም ሬዲዮም አያድንም። ከመነሣትዎ በፊት ጣቢያው ውስጥ 20 ደቂቃ ይተኙ፣ በአጎበር፤ የጣና ዳር ወባ የምትናከሰው በሌሊት ነው። አስፋልቱ ላይ መብራት የሌለው ከብትና የቆመ የጭነት መኪና ስላለ እስኪነጋ መቆየት ይሻላል። አሠሪው ለሌሊት ጥሪ ከነሹፌሩ መኪና ይመድብ።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ስሜ የአዳር ተራ ውስጥ አለ።

መልስ፦ መኖር የለበትም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ሆነ በትርፍ ሰዓት መመደብ በአዋጁ ክልክል ነው። የሐኪም ማስረጃዎን አያይዘው በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ቅጂው ላይ «ገቢ» አስደርገው እጅዎ ላይ ያስቀሩ።