አንቀጽ አራትን የጻፍሁት እኔ ነኝ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ወጣት ሊያስፈርሟት ያቀረቡላትን ውል ፎቶግራፍ አንስታ ላከችልኝና፣ «ጋሼ፣ ሠራተኛ ሳልሆን ራሴን የቻልሁ ተቋራጭ እንደሆንሁ ይላል፤ ብፈርመው ምን አጣለሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሱ ረጅም አልነበረም፤ ሆኖም አንቀጽ አራት ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምሁ። «ተቋራጩ በማናቸውም ምክንያት የድርጅቱ ሠራተኛ ነው ተብሎ አይቆጠርም፤ ሊቆጠርም አይችልም» ይላል። «ሊቆጠርም አይችልም» የምትለዋ ትርፍ ሐረግ የእኔ ናት። ጀማሪ ጠበቃ ሳለሁ ለአንድ ደንበኛዬ ባረቀቅሁት ውል ውስጥ፣ ነገሩን የምታጠብቅልኝ መስሎኝ የጨመርኋት ናት፤ ውል ደግሞ ከቢሮ ቢሮ እየተገለበጠ ይኖራልና ይኸው ከነድግግሞሿ ተመልሳ መጣችብኝ።

ደንበኛዬ ማሽን የሚያከራይና የሚጠግን ድርጅት ነበር። የጥገና ክፍሉን ሰዎች ከደመወዝ መዝገብ አውጥቶ በተቋራጭነት ሊያስፈርማቸው ፈለገ፤ የዓመት ፈቃዱ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው፣ የጉዳት ካሳውና የስንብት ክፍያው እንደከበደው አልደበቀኝም። ውሉን አዘጋጀሁለት። ሰዎቹ በማግስቱ በዚያው በር ገብተው፣ ያንኑ ቱታ ለብሰው፣ በድርጅቱ መፍቻና በድርጅቱ መሰላል ያንኑ ሥራ ቀጠሉ።

ከመካከላቸው አንዱ ዓመት ሳይሞላው ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ አጥንቱ በወጉ ሳይገጥም ቀረና ከባድ ዕቃ መጨበጥ ተሳነው። ካሳ ጠይቆ ሲከስ ጠበቃ አልነበረውም። መከላከያዬን ለማዘጋጀት ወደ ድርጅቱ በሄድሁበት ቀን በጥበቃው ጠረጴዛ ላይ የሰዓት ፊርማ መዝገቡን አገኘሁት፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት ትልቅ ደብተር ነበር። ገለጥሁት። የከሳሹ ስም በሁለት ቋሚ ሠራተኞች ስም መካከል ሰፍሯል፤ ጠዋት ፈርሟል፣ ማታ ፈርሟል፤ በአንዱ ቀን ትይዩ በቀይ ቀለም «20 ደቂቃ ዘግይቷል፤ ይቀነስበት» የሚል ተጽፎበታል። በራሱ ኪሳራ የሚሠራ ሰው ስላረፈደ በቀይ ቀለም አይጻፍበትም። ይህን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ደብተሩን ዘግቼ ወጣሁ።

በችሎቱ ዳኛው ከሳሹን፣ «ነገ ቢያምህ ወንድምህን በአንተ ቦታ መላክ ትችላለህ?» ሲሉ ጠየቁት። ተቋራጭ ሥራውን እስካስረከበ ድረስ በማን እጅ እንዳሠራው ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ሠራተኛ ግን ራሱ መገኘት አለበት፤ ዳኛው በሩን ከፍተውለት ነበር። እሱ ግን፣ «ወንድሜ እኮ መካኒክ አይደለም» ብሎ መለሰ። ጥቂት ጠብቀው አለፉት። እኔ ተነሥቼ አንቀጽ አራትን አነበብሁ፤ ፊርማውን አሳየሁ። የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ስለነበርና ከቃሉ በቀር ያቀረበው ስላልነበረ ክሱ ውድቅ ሆነ። ስለ ደብተሩ የጠየቀኝ የለም፤ አልዋሸሁምም፤ ለብዙ ዓመታት የተጽናናሁት በዚህ ነበር።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን 198ኛ የውሳኔ ሐሳብ በመጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት ያ ደብተር ፊቴ ላይ ተገለጠ። ሰነዱ የሥራ ግንኙነት መኖሩ የሚለየው ተዋዋዮቹ በሰጡት ስያሜ ሳይሆን በቅድሚያ ሥራው በተግባር በሚሠራበትና ክፍያው በሚፈጸምበት ሁኔታ ነው ይላል፤ ምልክቶቹንም ሲዘረዝር የሌላ ሰው ትእዛዝና ቁጥጥር፣ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ሥራውን በግል መፈጸም፣ በአሠሪው የሚቀርብ መሣሪያ፣ በየጊዜው የሚከፈል ክፍያ፣ የኪሳራ ሥጋት አለመኖር እያለ ይቀጥላል። እኔ የዘጋሁት ገጽ ከነዚህ ግማሹን ይዟል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የማስረዳት ሸክሙ ነገር ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በሰጠው ፍርድ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ድንጋጌዎችን በሚመለከት ሸክሙን በአሠሪው ላይ ጣለው፤ ሰውየው ከቁጥጥር ነጻ መሆኑን፣ ሥራው ከድርጅቱ የዘወትር ሥራ ውጭ መሆኑንና ሰውየው የራሱ የተቋቋመ ሙያ ያለው መሆኑን ሦስቱንም አሠሪው ካላስረዳ ሰውየው ሠራተኛ ነው። በዚህ ሚዛን ቢሆን ኖሮ የጥገና ድርጅት ጠጋኙን ተቋራጭ ነው ሊል ባልቻለ ነበር። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2021 የኡበር ሾፌሮችን ጉዳይ ሲያይ መነሻው ሕጉ እንጂ የተጻፈው ውል እንዳልሆነ ገልጾ፣ የዝቅተኛ ክፍያና የዓመት ፈቃድ መብት እንዳላቸው ወስኗል። ሁሉም ግን እንዲህ አይፈርድም፤ የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 ወደ ተጻፈው ውል አዘንብሎ ነበር፤ ይህን ለመመለስ አዲስ ሕግ አስፈልጓል።

የዛሬ ወጣቶች «ነጻ» የሚለውን ቃል አብዝታችሁ ትወዳላችሁ፤ መቼ እንደምትነሡና ስንት ደቂቃ እንዳረፋችሁ ስልካችሁ እየቆጠረ፣ አለቃ በአካል ስላላያችሁ ብቻ አለቃ የለንም ትላላችሁ። ውል ሳታነቡ ትፈርማላችሁ ብዬም ልወቅሳችሁ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ቅጥሬን ውል እኔም ያነበብሁት ከፈረምሁ በኋላ ነው። ተቋራጭነትንም አላወግዝም፤ ጥብቅና በራሴ ቢሮ፣ በራሴ ወጪ፣ ያልፈለግሁትን ደንበኛ እየመለስሁ የኖርሁበት ሥራ ነው፤ በቅጥር አልለውጠውም።

ለልጅቷ መጀመሪያ «አትፈርሚ» ብዬ ጻፍሁና ሰረዝሁት፤ ገቢ የሚያስፈልጋት እሷ ናት፣ እምቢታው እኔን ምንም አያስከፍለኝም። በምትኩ የሚላክላትን ትእዛዝ፣ የሥራ ሰዓት ድልድሉንና የክፍያ ደረሰኙን ሁሉ በራሷ እጅ እንድታኖር፣ ሰዓት የምትፈርም ከሆነም ገጹን በየወሩ ፎቶ እንድታነሣ መከርኋት። «የምንገባው በጣት አሻራ ነው ጋሼ፣ ገጽ የለውም» ስትል መለሰችልኝ። የመዝገቡን ግልባጭ በጽሑፍ እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ፤ እስካሁን አልሰጧትም።