ጫጉላችሁን በመርከብ ለምታስቡ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ክሩዝ የሚባለው የመርከብ ሽርሽር በማስታወቂያው ላይ ነጭ አልጋ፣ ሰማያዊ ውኃና ሁለት ብርጭቆ ነው። በተግባር ግን ሁለት ሰው ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር በምትሆን ክፍል ሰባት ሌሊት የሚያድርበት ጉዞ ነው። ኩርፊያ ቢመጣ ወጥቶ የሚታደርበት የእህት ቤት የለም። ባልና ሚስት መርከብ ላይ የሚጋጩባቸው ነገሮች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤታቸው ቁጭ ብለው ሊጨርሷቸው ይችሉ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሻንጣ ስታዘጋጁ ሳይሆን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

ከወረቀቱ ልጀምር። ሌላው ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል፤ ይሄኛው ኑሮ ያናጋል። ከማያሚ ወይም ከባልቲሞር ተነስቶ ወደዚያው የሚመለስ መርከብ ለብዙ ሰው የአገር ውስጥ ጉዞ ይመስለዋል። አይደለም። መርከቡ ናሳው (ባሃማስ) ወይም ኮዙሜል (ሜክሲኮ) ከቆመ ከአሜሪካ ወጥታችኋል፤ ስትመለሱ እንደገና ትገባላችሁ። የአሜሪካ ዜጋ በእንዲህ ያለው የደርሶ መልስ ጉዞ በልደት ወይም በዜግነት ምስክር ወረቀትና ፎቶ ባለው የመንግሥት መታወቂያ መሳፈር ይፈቀድለታል። ቢሆንም ፓስፖርት ያዙ። ታማችሁ መንገድ ላይ ብትወርዱ ወይም መርከቡ ጥሏችሁ ቢሄድ፣ በአውሮፕላን ለመመለስ የልደት ወረቀት አይበቃም። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱንም፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርቱንም ይያዝ፤ መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች የቪዛ ሕግ ደግሞ አንድ በአንድ ይጠይቅ።

የጥገኝነት ማመልከቻው ያልተወሰነለት ወይም በትዳር ግሪን ካርድ አመልክቶ የሚጠባበቅ ሰው ግን አድቫንስ ፓሮል የተባለው ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ በእጁ ሳይገባ መርከብ ላይ አይውጣ። ማመልከቻውን እንደተወው ሊቆጠርበት፣ መመለሻውም ሊዘጋበት ይችላል። ይህ ጣጣ አዲስ ተጋቢዎችን በተለይ ያገኛቸዋል፤ አንዱ ዜጋ ነው፣ ሌላው በዚያው ትዳር ያስገባው ወረቀት ገና አላለቀም፣ ጫጉላ ነው ብለው ሁለቱም ይሳፈራሉ። ለእነዚህ ከሆኖሉሉ ተነስቶ በሐዋይ ደሴቶች መካከል ብቻ የሚዞረው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ የተባለ መርከብ አለ። የአሜሪካን ባንዲራ የሚያውለበልብ ስለሆነ የውጭ ወደብ የመንካት ግዴታ የለበትም። ያም ሆኖ ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

አውሮፓን የመረጣችሁ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ሸንገን የተባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከባርሴሎና ወይም ሮም አጠገብ ካለው ከቺቪታቬኪያ የሚነሳው መርከብ መሐል ላይ ከሸንገን ውጭ የሆነችውን የቱርክን ወደብ፣ ለምሳሌ ኩሻዳሲን፣ ነክቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ኩሻዳሲ ደርሳችሁ መመለሻ ልታጡ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ እስከ 15 ቀን ድረስ ይቀበላል፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት የሚጠብቅ ግን ቀጠሮ ላያገኝ ይችላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል።

ስለ ስም አንድ ነገር። የእኛ ባልና ሚስት የቤተሰብ ስም አይጋሩም፤ መርከቡም በዚህ ግድ የለውም። ችግር የሚመጣው ሙሽራዋ ከሠርጉ በኋላ በምትይዘው አዲስ ስም ቦታ ሲያዝላት ነው። ቦታ የሚያዘው ፓስፖርቱ ላይ ዛሬ በተጻፈው ስም ነው፣ በፊደል አጻጻፉም ጭምር። ስም መቀየሩ ከጉዞው በኋላ ይደርሳል።

ወቅቱን በሚመለከት፣ ጥር ላይ የሚጋቡ ይቀናቸዋል። ካሪቢያን ያን ጊዜ ደረቅና ለብ ያለ ነው። አሜሪካ ያላችሁት ግን ሠርጋችሁን በአሜሪካው በጋ (ሰመር) መጨረሻ ማድረግ ትወዳላችሁ፤ የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ የሚበረታውም ከኦገስት እስከ ኦክቶበር። መርከቡ ማዕበሉን ሸሽቶ ይሄዳልና አደጋው ያን ያህል አይደለም። የሚቀየረው መንገዱ ነው። ካፒቴኑ ወደብ የመዝለል ሙሉ መብት አለው፤ የሚመለስላችሁ የዚያ ወደብ ክፍያ ብቻ ነው። አንድ የተወሰነ ደሴት ለማየት ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ አውሮፕላን ይሻላችኋል።

ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ያላችሁ ባልቲሞርን ትወዱታላችሁ። አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ መኪና አቁሞ መሳፈር ነው፣ የአውሮፕላን ትኬት የለም። ግን ከዚያ የሚነሳ መርከብ ረጅሙን የቼሳፒክ ወሽመጥ ወርዶ ነው ወደ ውቅያኖስ የሚወጣው፤ ከዚያ ኬፕ ሃተራስን ያልፋል፣ እሱ ደግሞ በአሜሪካው ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ የሚንገላቱበት ውኃ ነው። ወሽመጡን የሚያቋርጠው ድልድይ ከፍታ ስለሚገድባቸው ትልልቆቹ አዳዲስ መርከቦች አይገቡም። ከሰባቱ ቀን ግማሹ በመንገድ ላይ ያልቃል፣ የመጀመሪያው ቀንም በጃኬት ነው። ባሕሩን ራሱን ለሚወድ ጥሩ ነው፤ አሸዋ ለሚፈልግ ከፍሎሪዳ መነሳት ይሻላል። ከፍሎሪዳ ስትነሱ አውሮፕላኑ በዋዜማው ይሁን። መርከቡ የተሳፋሪዎቹን ስም ዝርዝር ከመነሳቱ 60 ደቂቃ በፊት ለመንግሥት ማስተላለፍ ስላለበት፣ ከዚያ በኋላ የመጣን ሰው መጫን አይችልም። ልመናም አይሠራም።

ካቢን (የመርከቡን መኝታ ክፍል) ስትመርጡ ከመስኮቱ ይልቅ ቦታውን ተመልከቱ። መርከብ እንደ ሚዛን ነው፤ ጫፎቹ ይነሳሉ ይወርዳሉ፣ መሐሉ ብዙም አይነቃነቅም። ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ሰው መሐልና ዝቅ ያለ ፎቅ ይያዝ። ከላያችሁና ከታቻችሁም ካቢን ብቻ ይሁን። ከመዋኛው ሥር ያለ ክፍል ንጋት ላይ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ከጭፈራ ቤቱ በላይ ያለው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይደልቃል። ዋጋው ቀንሶ «ካቢኑን ኩባንያው ይመርጣል» የሚል ከሆነ፣ የረከሰው እንዲህ ያሉትን ክፍሎች ስለሚያድልበት ነው። አልጋው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነጠላ ሆኖ የሚገጣጠም ነውና፣ ተጋጥሞ እንዲጠብቃችሁ ስትይዙ ተናገሩ። የጫጉላ ሌሊትን በሁለት አልጋ መጀመር ያስቃል፣ የሚያስቀው ግን በኋላ ነው።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመታመም በፊት ነው የሚወሰደው። ሜክሊዚን 25 ሚሊግራም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፤ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን በሐኪም ትእዛዝ፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ለሦስት ቀን። ማስታወክ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን አብሮ ይወጣል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ምንም ነገር ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፤ ጉዞው በሚያልቅበት ቀን 24 ሳምንት የሚሞላትን ሴት አብዛኞቹ ኩባንያዎች እንደማይጭኑም እወቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የተነገራችሁ ዋጋ የመሳፈሪያው ነው እንጂ የጉዞው አይደለም። ለአንድ ሰው 700 ዶላር ቢባል ለሁለት 1,400 ነው። ቲፕ በነፍስ ወከፍ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ይቆረጣል፤ በ17 ብናሰላው ለሁለት ሰው ለሰባት ቀን 238። ኢንተርኔት፣ ደርሶ መልስ በረራ፣ የዋዜማው ሆቴል፣ የመኪና ማቆሚያና ኢንሹራንስ ገና አልተነሱም።

ከሁሉ በላይ ኪስ የሚያራቁተው የመጠጥ ጥቅሉ፣ ማለትም በቀን ሒሳብ አስቀድሞ ተከፍሎ የሚጠጣበት፣ ነው። በቀን 75 ዶላር ቢሆንና 18 በመቶ አገልግሎት ቢጨመርበት 88 ከ50 ይሆናል። በርካታ ኩባንያዎች ደግሞ አንዱ የአልኮል ጥቅል ከገዛ በዚያው ካቢን ያለው ሌላው አዋቂም እንዲገዛ ያስገድዳሉ። ለሁለት ሰው ለሰባት ቀን 1,239 ዶላር፣ የመርከቡን ዋጋ ሊያህል ምንም አልቀረው። አንድ ኮክቴል 13 ዶላር ቢሆን ከነአገልግሎቱ 15 ከ34 ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ በየቀኑ፣ ወደብ ወርዳችሁ በምትውሉበት ቀን ጭምር፣ ስድስት ስድስት ካልጠጣችሁ አያዋጣም። አንዳችሁ የማይጠጣ ከሆነ ወሬውም አያስፈልግም። ውኃ፣ ሻይና ተራ ቡና ቡፌው ላይ በነፃ ነው።

መርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ ሁሉም በክፍሉ ካርድ ይመዘገባል። ከካርዱ ጋር የምታያይዙት ክሬዲት ካርድ ይሁን። ዴቢት ካርድ ከሆነ ኩባንያው በየቀኑ ገንዘብ ይይዝበታል፣ የተያዘውም እስኪለቀቅ ቀናት ይፈጃል፤ ለቤት ኪራይ የተቀመጠች ገንዘብ እንዲህ ነው የምትታገተው። ሒሳቡን በየማታው አብራችሁ እዩት። ያላዘዛችሁት ነገር ካለ የመጨረሻው ሌሊት ሳይደርስ ተናገሩ፣ ያን ጊዜ ሰልፉ የትየለሌ ነው።

ኢንሹራንሱን ከኩባንያው ሳይሆን ከውጭ፣ ቀብድ በከፈላችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግዙ፤ ነባር ሕመምን የሚሸፍኑት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ፈጥኖ ለገዛ ነው። የመርከቡ ክሊኒክ ክፍያውን በቀጥታ እናንተ ላይ ነው የሚጽፈው። በሄሊኮፕተር ወይም በአምቡላንስ አውሮፕላን መወሰድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ለእሱ ብቻ ቢያንስ 100,000 ዶላር ሽፋን ይኑራችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 የባልቲሞሩ የፍራንሲስ ስኮት ኪይ ድልድይ ሲወድቅ ወደቡ ተዘግቶ መርከቦቹ ወደ ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ዞረው ነበር። ሽፋኑ እንዲህ ያለውን ነገር ያካትት እንደሆነ ጽሑፉን አንብቡ።

ጀበናና ዕጣን ቤት ይቅሩ። ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና የልብስ ካውያ በሙሉ የተከለከሉ ናቸው፤ መርከብ ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳት ነው። ከኃይል መቆጣጠሪያ ጋር የተሠራ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያም (ሰርጅ ፕሮቴክተር) ይወሰድባችኋል። ቤት የተጋገረ እንጀራ ብዙዎቹ አያስገቡም። የታሸገ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያልፋል።

ለጿሚ መርከብ ከሚታሰበው በላይ ይመቻል፣ ቀድሞ ከተነገረ። ቦታ ስትይዙ ወይም ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት» ብላችሁ አስመዝግቡ። «አትክልት ብቻ» ካላችሁ አይብና ቅቤ ይመጣል። እራት ላይ ዋናውን አስተናጋጅ የነገውን ዝርዝር ጠይቁትና ምርጫችሁን በዋዜማው ስጡት፤ ወጥ ቤቱ ለብቻ ለመሥራት ሌሊቱን ይፈልጋል። የህንድ የምስርና የሽምብራ ወጥ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፣ ረቡዕና ዓርብን ያሻግራል። እጃችሁን ግን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። በር ላይ የሚረጨው አልኮል ኖሮቫይረስን በደንብ አይገድልም፣ ትውከትና ተቅማጡ ደግሞ ካቢን ያዘጋል።

ሰዓት። «ኢለቨን» ላይ ተሳፈሩ የተባለን ሰው አንዱ ለሌላው «አሥራ አንድ» ብሎ ቢነግረው፣ በእኛ አቆጣጠር መርከቡ ከሄደ በኋላ ነው። አምስት ሰዓት ነው ማለት የነበረበት። ጉዞው እስኪያልቅ ሁለታችሁም በአንድ አቆጣጠር፣ በመርከቡ ሰዓት፣ ተነጋገሩ። ስልክ ደግሞ ወደብ ላይ ራሱ ይቀየራል። ኮዙሜል በአሜሪካው በጋ (ሰመር) ከማያሚ አንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ መርከቡ የማያሚን ሰዓት ይዞ ከቆየ ስልካችሁ 3:30 ሲል መርከቡ 4:30 ላይ ነው። ሰዓቱ የማይቀየር የእጅ ሰዓት ያዙ። ከመርከቡ የተገዛ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ በራሳችሁ ታክሲ የሄዳችሁ ከሆነ አይጠብቅም። በራስ መሄዱ ይረክሳል፣ ግን ከመሳፈሪያው ጊዜ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ተመለሱ። እንደ ግራንድ ኬይመን ባለው ቦታ መርከቡ ራቅ ብሎ ቆሞ በጀልባ ስለሚያመላልስ፣ ሦስት አድርጉት።

የአደጋ ልምምዱን አትዝለሉ። ኮስታ ኮንኮርዲያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ስትገለበጥ 32 ሰው ሞቷል፤ በዚያው ቀን የተሳፈሩት ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው መርከቡ ሳይነሳ ወይም ወዲያው እንደተነሳ እንዲደረግ የታዘዘው። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የጡሩምባ ድምፅ ሲሰማ የት እንደምትሄዱ፣ ተለያይታችሁ ብትሆኑም እዚያው እንደምትገናኙ ተስማሙ። ካቢን ተመልሶ መፈላለግ አይገባም።

ስለ መለያየት ካነሳሁ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ተለያይታችሁ ዋሉ። ባሕር ላይ ስልኩ አውሮፕላን ሞድ ላይ ስለሚሆን (ካልሆነ ሒሳቡ ያስደነግጣል) መጠራራት አይቻልም፤ «በአሥር ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ» ተባብላችሁ ነው የምትለያዩት። ትንሽ ወረቀት ክፍሉ መስተዋት ላይ ለጥፉ፣ የወጣ ሰው የሄደበትን ይጻፍ። አንዱ ማለዳ ተነሺ ሌላው አርፋጅ ከሆነ ይህች ወረቀት ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

በመጨረሻው ሌሊት ትልልቁ ሻንጣ ታርጋ ተደርጎበት ከበር ውጭ ይቀመጣል፤ ሠራተኞች ሌሊቱን ወስደው ጠዋት ወደቡ ላይ ትረከባላችሁ። ከመዝጋታችሁ በፊት የነገውን ልብስና ጫማ፣ መድኃኒቱን፣ ፓስፖርቱንና ግሪን ካርዱን በእጅ ቦርሳ አስቀሩ። ካዝናውንም ከፍታችሁ እዩ። ሁሉንም ጠቅልሎ አስረክቦ፣ ጠዋት በፒጃማ ኢሚግሬሽን ፊት የሚቆም ባል በየጉዞው አይጠፋም።